በድሩና ጉሮሯቸው ያበጠ ዓሦች

የእህቴ የዓፊያ ባል በድሩ ተረጋግቶ ምሳ ሲበላ አይቼው አላውቅም። የጎረሰውን ሳይውጥ ይነሣል፣ በሩን ከፍቶ ውጭውን ያያል፣ ተመልሶ ደግሞ ይጎርሳል። እህቴ «ይሄ ሰውዬ ሲሞትም ቆሞ ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ ሊቀብሩት ሲወስዱት ከቃሬዛው ወርዶ «ጉድጓዱን በደንብ አልቆፈራችሁትም» ሳይል አይቀርም እላለሁ።

እንዲህ ያደረጉት በሬዎቹ ናቸው። በድሩ ጨፋ ላይ በሬ እያደለበ ሰንበቴ ገበያ ወስዶ የሚሸጥ ሰው ነበር። አንድ ክረምት ባቲ ገበያ ሄዶ ሲመለስ በሬዎቹን ጎሮርሳ የሚሉት የከብት በሽታ ገብቶባቸው አገኛቸው። ጉሮሯቸው እንደ ቅል አብጧል፣ መኖም አይቀምሱም። መጀመሪያ የታመመውን ቶሎ ለይቶ የሚያወጣ ሰው ቢኖር ኖሮ ሌሎቹ ይተርፉ ነበር ተባለ። አንዱም አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ በድሩ «ቤቴ ብሆን ኖሮ» እያለ ራሱን ሲበላ ኖረ።

ከከሚሴ ወጣ ብሎ ባለው የመስኖ ግድብ ውስጥ የዓሣ ጫጩት ሊጨመር ነው፣ ጠባቂ ይፈለጋል ሲባል ታዲያ ሮጦ የሄደው እሱ ነው። ጫጩቶቹን በፕላስቲክ ከረጢት ይዛ የመጣችው ኢክላስ የምትባል የዓሣ ባለሙያ ነበረች። ዝርያቸው ቆሮሶ ይባላል አለች። የሰፈራችን ሰው እንኳን ዓሣ ሊያረባ፣ ዓሣ በልቶም አያውቅም። ሽማግሌዎቹም «ለዓመት ያህል ከብታችንን ከግድቡ እናርቃለን፤ ዓሣው ካልበረከተ ግን እንደ ልባችን እንለቀዋለን» ብለው ቁርጡን ነገሩት።

በድሩ ዓሣም እንደ በሬ ነው ብሎ ጀመረ። ፉርሽካ ይበትናል፣ ከዳር እዳር ይመላለሳል፣ አንዱን በመረብ ያወጣና ልክ ሰንበቴ ገበያ እንደቆመ ሁሉ ጀርባውን ይዳብሳል። «ሞላልኝ!» ይላል። ሰው ይስቅበታል። እውነት ለመናገር ግን ዓሦቹ መዳፍ አክለው፣ ከመዳፍም አልፈው ነበር።

አንድ ጠዋት ስልክ ደውሎ «ድረስልኝ!» አለኝ። ስደርስ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ዳር ይንቆራጠጣል። ግድቡ አፋፍ ላይ አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ አየሁ።

«ጎሮርሳ ገብቶባቸዋል» አለኝ።

«ዓሣን?»

«ወላሂ! ጉሮሯቸው አብጧል። ከስተዋል። ፉርሽካውን አፍንጫቸው ሥር ብበትነው ዞር ብለው አያዩትም። እያየሁ ደግሞ ሊያልቁብኝ ነው?»

ኢክላስን እንጠይቃት አልኩት። ደጋግሞ ደውሎላት ስልኳ አይሠራም። እስክትገኝ እንታገሥ ስለው እንደ እብድ አፈጠጠብኝ። ከጠዋት ጀምሮ ያበጡትን እየለየ እያወጣ ጉድጓዱ ውስጥ ሲጥል፣ አፈር ሲመልስባቸው ቆይቷል። አሳዘነኝም፣ አናደደኝም።

መረቡን እንደገና ጣለና አንዲት ከሲታ አወጣ። ይቺኛዋን ግን ወደ ጉድጓዱ አልወሰዳትም። የበሬ ምላስ እንደሚያይ ሰው ምላሷን ልይ ብሎ ውሃው ውስጥ እንደቆመ የታች ከንፈሯን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው።

ከአፏ ትናንሽ ነገሮች መዳፉ ላይ ፈሰሱ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዓይን አላቸው። ይንቀሳቀሳሉ።

«ያ ረቢ» አለ በድሩ። «ልጆች ናቸው።»

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው፣ ከኪሱ አውጥቼ አነሣሁለት። ኢክላስ «ጋሼ በድሩ፣ ምነው ደወሉ?» አለች። ያየሁትን ነገርኳት። «የታመሙ አይደሉም» አለችኝ። «ቆሮሶ ልጆቿን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድግ። እስኪጠነክሩ እህል አትቀምስም፤ ለዚያ ነው የከሳችው። አሁኑኑ እናቲቱንም ልጆቹንም አብረው ይልቀቋቸው። ውሃውን እንዳያነቃንቁት ግን፤ ጸጥ ካለ ምናልባት ወደ አፏ ትመልሳቸው ይሆናል።»

ለበድሩ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። መዳፉን ቀስ አድርጎ ውሃው ውስጥ አወረደ። እናቲቱ ተወርውራ ጠፋች። ልጆቹ ግን የሚጠለሉበት ቢያጡ ከሁለት እግሩ መሐል፣ ጥላው ሥር ተሰበሰቡ።

በድሩ ቆመ። ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ፣ እጆቹን አንጠልጥሎ፣ ዝም ብሎ ቆመ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ዝንብ ፊቱ ላይ ሲያርፍበት እንኳ እሽ አላለም። እንዲህ ሆኖ አይቼው ስለማላውቅ ፈራሁ።

ዓፊያ ምሳውን ይዛ መጣች። «ኮቱ! ና ውጣ፣ ይቀዘቅዛል!» ብላ ተጣራች።

«አትጩሂ» አላት በሹክሹክታ። «ልጆች አሉ።»

እህቴ እሱን አየች፣ እኔን አየች። «ምን ሆኖብኝ ነው?» አለችኝ። በአገጬ ወደ ጉድጓዱ አመለከትኳት።

ብዙ ቆይቶ ያቺ ከሲታ ከጥልቁ ብቅ አለች። ትቀርባለች፣ ትሸሻለች፣ እንደገና ትቀርባለች። በመጨረሻ እግሩ አጠገብ ደርሳ አፏን ከፈተች፤ ልጆቹም እየተግተለተሉ ገቡ።

«አልሐምዱሊላህ! ገቡልህ፣ በል ውጣ» አልኩት።

አልወጣም። ዓፊያም ለመነችው። ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ቀረ። እናቶቹን የቀበረበት ጉድጓድ ያለው በእኛ በኩል ነበር።