የአዘና ገበያ ወደ ዳገት ሲወጣ

ባለፈው ሳምንት ልጄ እንጅባራ ወዳለው ቤቴ መጥታ፣ «አባዬ፣ ነገ ስለ ሰፈራችን ውሃ ስብሰባ አለ፤ እናገራለሁ» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። የቆየ ፍርሃት ነው፤ አዘና ከተማ ካስተማርኩበት ጊዜ ጀምሮ አብሮኝ ኖሯል።

ያኔ ገና ጀማሪ መምህር ነበርኩ። ክረምቱ ሊገባ ሲል የከተማው አስተዳዳሪ ሕዝቡን ሰብስቦ ገበያው ከሜዳው ወደ ዳገቱ አናት እንደሚዛወር ነገረን። ድንች ያዘሉ ሴቶች ያንን ጭቃ ለመውጣት እንደሚቸገሩ ያልገባው ሰው አልነበረም። ሁሉም ግን አቀርቅሯል።

«እንግዲህ ተስማምተናል» አለ አስተዳዳሪው።

«እኔ አልተስማማሁም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ምክንያቴን ስናገር አላቋረጠኝም፤ ስሜን ብቻ ጠይቆ ስብሰባውን ዘጋ። ስንወጣ ከጎኔ የሚራመድ ሰው አጣሁ።

ቤት ያከራዩኝ እትዬ ጥሩዬ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ።

«ነገ መጠራትህ አይቀርም፤ ጋቢህን ይዘህ ሂድ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። እስር ቤት እንደሚበርድ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

በማግስቱ እውነትም ወደ አስተዳዳሪው ቢሮ ተጠራሁ። መንገዱን ጉም ሸፍኖት፣ እርጥብ ሣርና የከሰል ጢስ ይሸት ነበር። በዚያ ሁሉ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። አስተዳዳሪው እንደገባሁ በሩን ዘጋው።

«ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝም። ዳገቱን እርስዎም ያውቁታል።»

መስኮቱንም ዘጋው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አውቀዋለሁ። እናቴም እዚሁ ነው የምትሸጠው። ግን ትእዛዙ ከላይ ነው፤ ካልፈጸምኩ እኔም አልተርፍም። ሂድ፤ ሁለተኛ እንዳትናገር» አለኝ። መዝጊያውን ሲከፍትልኝ ሰው እንዳያየው ግራ ቀኙን ቃኘ። ከቁጣው ይልቅ የእሱ ፍርሃት አስፈራኝ።

ገበያው ዳገት ወጣ። ክረምቱ ሳያልቅ አንዲት ነፍሰ ጡር ከነሸክሟ ተንሸራታ ወደቀች፤ እሷ ተረፈች፣ ጽንሱ አልተረፈም። ከዚያ ወዲያ ገበያው ወደ ሜዳው ተመለሰ። ለዚያ ግን ስብሰባ አልተጠራም።

ስለ አስተዳደር ሲወራ በሰማሁ ቁጥር የማስበው ያችን ሴት ነው። ያን ቀን የተናገርኩት እኔም፣ ዝም ያለው ሕዝብም፣ ወንበሩ ላይ የነበረው ሰውም ፈርተን ነበር። ዕዳውን የከፈለችው ግን እሷ ናት።

ልጄን «ይቅርብሽ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ተናግራ ስትጨርስ እንደ አዘናው ሁሉም አቀረቀረ። ወንበሩን ተደግፌ ተነሣሁና እኔም እንድናገር ይፈቀድልኝ አልኩ።