ወፍ የነገረችው ስም

ባለቤቴ ሬዲዮኑን ከደሴ ገዝቶ ያመጣው ለዜና ነበር። እሑድ እሑድ አመሻሹ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ የሚተላለፈውን የወንጀል ድራማ ያገኘው እንዲያው ሲነካካው ነው። እኔ አልወደድኩትም። የተገደለ ሰው ታሪክ ለጨዋታ መስማት ነውር መሰለኝ፤ ሲጀምር ወደ ጓዳ እገባ ነበር።

ታሪኩ መንገድ ላይ ተገድሎ ስለተገኘ የእህል ነጋዴ ነው። አንድ እሑድ የሟቹ ሚስት የባሏን ጫማ ከደጃፍ ስታነሣ ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። አላለቀሰችም። አቧራውን ስታራግፍ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ቀስ እያለች፣ ነገ እንደሚያደርገው ሁሉ። ወጥቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ አላመለጠኝም።

ጎረቤቶችም መምጣት ጀመሩ። እንደ አፈርሳታ ያዙት። በአገራችን ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል የአካባቢው ሰው ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ያየ ሰው የጥፋተኛውን ስም በአደባባይ አይጠራም፤ ለሚያምነው አንድ ሽማግሌ በጆሮው ይነግረዋል። ይህ በስውር የሚናገር ሰው ወፍ ይባላል። ሬዲዮኑ ሲዘጋ ባለቤቴ በሩ ላይ ይቆምና አፈርሳታ ነው፣ ማንም አይወጣም ይል ነበር።

ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ሁልጊዜ የሟቹን ሚስት ይከሳል። በሰንበቴ ገበያ ከብት የሚነግዱ አንድ አዛውንት ታዲያ፣ “አንተ የራስህን እየፈራህ የሰው ሚስት ታስራለህ” አሉትና ቤቱ በሳቅ ሞላ። አማቴም፣ የባለቤቴ እናት፣ ዘግይተው ሳቁ። አማርኛ እምብዛም ስለማይሰሙ ባለቤቴ ከጎናቸው ተቀምጦ እያንዳንዱን ነገር በኦሮምኛ በጆሯቸው ይነግራቸው ነበር።

ታሪኩ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ባለቤቴ ገዳዩን አውቄዋለሁ አለ። ማን ነው ብለን ያዝነው።

“ወፍ ነግራኛለች” አለ እየሳቀ። “ወፍ ደግሞ ለአንድ ሰው ነው የምትናገረው።”

በዚያው ሳምንት ማሽላ ሊገዛ ወደ ጨፋ ወረደ። ወባ ይዞት ተመለሰ፤ ከአልጋውም አልተነሣም።

ሬዲዮኑን ነጠላ አለበስነው። ዒዳ ላይ፣ ባል የሞተባት ሴት በምትቆጥረው የሐዘን ጊዜ ላይ፣ ስለነበርኩ ከቤት አልወጣም ነበር። ጎረቤቶቻችን ድራማውን ሻይ ቤት እየሄዱ እንደሚሰሙ አውቅ ነበር፤ እኛ ዘንድ ሲመጡ ግን ትንፍሽ አይሉም ነበር። እኔ ዱዓ እየተደረገ እንኳ ገዳዩ ማን ነው ብሎ ይሆን እል ነበር። ሌላ ነገር ጥሎልኝ ያልሄደ ይመስል ያንን ስም ፈለግሁ። ለእናቱ እንደነገራቸው አልተጠራጠርኩም፤ አፉ ሁልጊዜ ጆሯቸው ሥር ነበር። ግን ልጇን የቀበረች እናት ስለ ሬዲዮ እንዴት ትጠየቃለች?

መጨረሻው በሚተላለፍበት እሑድ ነጠላውን የገፈፉት አማቴ ራሳቸው ናቸው። ክፈቺው አሉኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት፤ ባለቤቴ ይቀመጥበት የነበረ ቦታ ተቀምጬም የሚባለውን በጆሯቸው ነገርኳቸው። ገዳዩ የነጋዴው ሚዛን ያዥ ሆኖ ተገኘ፤ ከሁሉ ቀድሞ ያለቅስ የነበረው ሰው። ስሙን ስነግራቸው እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

“እሱስ ያለው ይህንኑ ነው?” አሉ።

“ለእርስዎ አልነገረዎትም?”

ቀና ብለው አዩኝ። “ለአንቺ ነግሮሽ ይሆናል ብዬ እኮ ነው ያስከፈትኩሽ።”

ሬዲዮኑ ወደ ሌላ ዝግጅት አለፈ። ለመዝጋት የተነሣ የለም።

አማቴም ካለፉ ቆዩ። ብቻዬን ስሆን በድራማው የተጠረጠሩትን አንድ በአንድ እያነሣሁ በእሱ ድምፅ ለመስማት እሞክራለሁ። ሚዛን ያዡን ሲጠራው ይሰማኛል። የነጋዴውን ወንድም ሲጠራውም ልክ እንደዚያው ይሰማኛል፤ የትኛውን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።