ከሞጣ ይዘን የመጣነው ብልቃጥ

ሞጣ መናኸሪያ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ ልጄ ከቦርሳዋ አንድ ብልቃጥ አወጣች። አውራ ጣት የማታክል፣ ዙሪያዋን በፎይል የተጠቀለለች ናት። "ይኸውልሽ እማየ፣ ስደክምበት የከረምኩት" አለችና ጫፉን ገለጥ አድርጋ መልሳ ሸፈነችው። ውስጡ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ዱቄት ነው። ቢሰበሰብ የሻይ ማንኪያ ጫፍ አይሞላም።

እሷ የመጣችው ከባሕር ዳር፣ ከዩኒቨርሲቲ ነው። እኔ ደግሞ ከቢቸና፣ ለሱቄ ሶላር ልገዛ። ዕቃ የምታወርድልኝ የሞጣ ሙስሊም ነጋዴ የልጄን ሥራ ስነግራት፣ "ሶላሩን ቀለም አድርጋ ከቀባችው እኔና አንቺ ምን ልንሸጥ ነው?" ብላ ስቃብኛለች።

እውነቷን ነው። እኔ የምሸጠው መስታወት ነው። ይከብዳል፣ መንገድ ላይም ይሰነጠቃል። ልጄ የምትለው ግን ከካርቦን ተሠርቶ ፕላስቲክ ላይ የሚቀባ፣ ተጠቅልሎ ብብት ውስጥ የሚያዝ ነው። ችግሩ ከብርሃን የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ማነሱ፣ ቶሎም ማርጀቱ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ሞለኪውል ትሥላለች። እዚህ ጅራት ትቀጥላለች፣ እዚያ ክንድ ትቆርጣለች።

እኔ ትምህርቴ ገና በልጅነቴ ነው የቀረብኝ። ሶላር መጠገኑን በስልክ እያየሁ፣ እያበላሸሁ ለመድኩት። የሷንም ሥራ እንዲሁ እየጨቀጨቅኋት ነው የተማርኩት። ሞለኪውሎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው አለችኝ፣ ሰጪና ተቀባይ። ብርሃን ሲያርፍበት ሰጪው ኤሌክትሮን ያነሣና ለተቀባዩ ያቀብላል። በገበያ ቀን እህል ከአይሱዙ ሲወርድ አይታችሁ የለ? ከታች ያለው ሰው ካቀባዩ እኩል ከቆመ ኩንታሉ አይተላለፍም። በጣም ዝቅ ካለም ኩንታሉ ወርዶ ይፈርጣል። ትንሽ ብቻ ዝቅ ማለት አለበት። የልጄ ድካም ያቺን ትንሽ ለማግኘት ነው። ስንቱን ሥላ ስንቱን ጣለች። በመጨረሻ አንዱን ላብራቶሪ ውስጥ ሠርታ ዱቄት አደረገችው። አሁን አዲስ አበባ የሚለካበት መሣሪያ ተገኝቶላት ይዛው መሄዷ ነው።

ለኔ የታየኝ ግን ሌላ ነው። መንገዱ ላይ ፍተሻ አለ። በፎይል የተጠቀለለ ጥቁር ዱቄት ከተማሪ ቦርሳ ቢወጣ፣ በዚህ ጊዜ ከባሩድ ሌላ ምን ይሉታል? ልጄን ከመኪና አውርደው ሲያስቀሯት በዓይኔ መጣ። እጇን ልትታጠብ ስትነሣ ብልቃጡን በነጭ ጨርቅ ቋጠርኩና ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ከጠበል ቦታ የሚታፈሰውን የተባረከ አመድ፣ እምነት የምንለውን፣ የምንቋጥረው እንደዚያ ነው። ማን ደፍሮ ይፈታዋል?

የቢቸናው መኪና ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው የነገርኳት። "እማየ፣ ምን ነካሽ?" አለች።

"ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።"

ብዙም ሳንሄድ የታጠቁ ሰዎች አስቆሙን። የማን እንደሆኑ አልጠየቅንም፤ አይጠየቅም። ወርደን ተሰለፍን። የሚፈትሸው ጎልማሳ ዓይኑ ቀልቷል፣ ጠብመንጃው ከትከሻው ይንሸራተታል።

"እማማ፣ ደረትዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"እምነት ነው ልጄ። ከጠበል።"

በዚህ ያልፈኛል ብዬ ነበር። ሰውየው ግን ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ። "ራሴን ሲፈልጠኝ ሰነበተ። እስኪ ግንባሬን ይቀቡኝ።"

ልጄ ራሷ ያለ ጓንት የማትነካውን ነገር ነው የሚለምነኝ። እምቢ ካልኩት ምን ሊያስብ ነው? ቋጠሮውን እንደምፈታ ሆኜ እነካካለሁ፣ ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል።

"እማየ፣ እንዳትቀቢው" አለች ልጄ። "እምነት አይደለም።"

ቀስ ብሎ ቀና አለ። "ምን አልሽ?"

"የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ቀለም ነው። የኔ ነው። እናቴ ፈርታ ነው።"

እሷን አላያትም። እኔን ነው ያየኝ። "በእግዜር ነገር ይዋሻል? በዚህ ዕድሜ?"

ጓደኞቹ መጡና ቋጠሮውን ከእጄ ወስደው ፈቱት። አንዱ ባሩድ ነው አለ፣ ሌላው ውኃ ውስጥ የሚጨመር መርዝ ነው አለ። ልጄ ስለ ሞለኪውል ባስረዳች ቁጥር ፊታቸው እየከበደ ሄደ። በመጨረሻ ፈታሹ ብልቃጡን ዘረጋላት።

"መርዝ ካልሆነ ቅመሺው።"

ባዕድ ነገር አልጠየቀም። በኛ አገር ጠላ የቀዳ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ፣ ቀምሶ ነው ለእንግዳ የሚሰጥ። "ምግብ አይደለም፣ አይቀመስም" አለች ልጄ።

"እንግዲያው መርዝ ነዋ።"

ክዳኑን ልትከፍት ስትጀምር ቀማኋት። ጣቴን በምራቄ አርሼ ዱቄቱን ነካሁና ላስኩት። እንደ ጠመኔ ነው፣ ጣዕም የለውም።

"ይቀመጡ" አለኝ ሰውየው። "እናያለን።"

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ተሳፋሪው ሁሉ እኔን ያያል። ሾፌሩ ብዙ ከታገሠ በኋላ፣ "እማማ፣ የሚሞቱ ከሆነ ቶሎ ይወስኑ እንጂ፤ ቢቸና ሰው ይጠብቀኛል" አለ። የሚስቅ ሳቀ። ልጄ የእጄን ሥር ይዛለች።

"ምን ይሰማሻል?"

"ፍርሃት።"

"ከሱ ሌላ?"

"ከሱ ሌላ ለምኑ ቦታ አለኝ?"

ሆዴ በጮኸ ቁጥር ያ ዱቄት ነው እላለሁ። ብሞት እሷን ነፍሰ ገዳይ አደረግኋት ማለት ነው።

አልሞትኩም። ሰውየው ብልቃጡን ለልጄ መለሰላት። "ሂዱ። ለራስ ምታት የሚሆን ነገር ግን አልያዛችሁም?"

ልጄ ከቦርሳዋ ኪኒን ሰጠችው። አገላብጦ አየውና፣ "ይህንንስ ማን ይቅመስልኝ?" አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ መኪናው ላይ ደግፈው ነው ያወጡኝ።

ጥቂት እንደሄድን ልጄ፣ "ምላስሽን አውጪ" አለችኝ። አየችው። "ሰማያዊ ሆኗል። የስንት ወር ሥራ በላሽብኝ?" ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች።

ቢቸና አላደረችም። አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና አገኘች። "እኔ ዘንድ ይቀመጥ፣ መንገዱ ሲረጋጋ ትወስጅዋለሽ" ብዬ ለመንኳት።

"እየቆየ ይበላሻል እማየ። ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ።"

"ባያምኑሽስ?"

አንገቴን አቅፋ ሳመችኝና ሄደች። ስልክ አልሠራ ብሎ በማግሥቱ ነው መድረሷን የሰማሁት። እስከዚያ እህል አልቀመስኩም።

ዱቄቱ ሲለካ፣ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ከጠበቀችው አንሶ ተገኘ። ይህን ስትነግረኝ ያዘነች አትመስልም፤ ሌላ መሣል ጀምራለች።

"እሱስ የት ነው የሚሠራው?" አልኳት።

"እዚያው ባሕር ዳር ነዋ።"

"ሞጣ ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ።"

"ነይ። ብልቃጡን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።"

እሺ አልኳት። እንግዲህ በየጠዋቱ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት መናኸሪያ ጎራ እላለሁ። የሞጣ ሾፌሮችን መንገዱ እንዴት እንዳደረ እጠይቃቸዋለሁ። "ሰላም ነው እማማ" ይሉኛል፤ ሌላውንም ሾፌር ሄጄ እጠይቃለሁ።