ስትወለድ ያላለቀሰችው ልጅ

ዛሬ ሐሙሲት ውስጥ አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ክው አደረገችኝ።

ያዋለድኳት እኔ ነኝ። አየር አጥሯት ስለነበር ስትወለድ አላለቀሰችም። አሁን እንደሷ የተወለዱ ልጆች አእምሯቸው ተጎድቶ እንደሆነ በሚያጣራ ጥናት ላይ እየሠራሁ ነው።

ቤታቸው ሄጄ እንድትክባቸው ስድስት ትንንሽ የእንጨት ኩቦች ፊቷ አስቀመጥኩ። ንክች አላደረገችም። የጥናቱ ቅጽ ላይ ዜሮ ጻፍኩ።

"ሁልጊዜም እንዲህ ናት?" አልኳት እናቷን።

"ኧረ ሲስተር! እንግዳ ፊት ምንም እንዳትነኪ ብዬ አስጠንቅቄያት ነው፤ ባለጌ እንዳትያት!"

(ለካ ጨዋነት ሊጥላት ነበር።)

"በይ ንኪ" ስትላት ስድስቱንም ካበቻቸው።

ልሄድ ስል ኩቦቹን ብሰበስብባት ቤቱን በለቅሶ አናጋችው። ያኔ ጠብቄ ያጣሁት ድምፅ!

እናንተስ በልጅ ለቅሶ ደስ ብሏችሁ ያውቃል?