ለአሳማ የተነፈገ አፈር

ንጽሕና ይገድላል ብዬ ብጽፍ፣ እንደ ልማዴ ሰው ለማናደድ የጻፍኩት ይመስላል። ወልቂጤ ላይ፣ በገዛ ጓሮዬ፣ ሲገድል አይቻለሁ።

አሳማ ላረባ ስነሳ፣ ከአባታችን የወረስነውን ግቢ የምትጋራኝ ታላቅ እህቴ ጦርነት ከፈተች። የአባታችንን ሃይማኖት ከእኔ ቀድማ ትታ ጴንጤ ሆናለች፤ የማይበሉትን እንስሳት ዝርዝር ግን ይዛው ወጥታለች። ሽታ እንዳይደርስባት ብላ በሽማግሌ አስገደደችኝና የበረቱን ወለል ሲሚንቶ አስደረግሁ። ከዚያ በእልህ የድርሻዬን ጓሮ በሙሉ በሲሚንቶ ደፈንኩት። ወለሉን በቀን ሁለት ጊዜ አጥባለሁ። መጽሐፍ መደርደሪያዬን እንኳ እንዲያ ወልውዬው አላውቅም።

እናቲቱ አሳማ ዘጠኝ ወለደች። በሁለተኛው ሳምንት የግልገሎቹ ጆሮ እንደ ወረቀት ነጣ፤ ትንሽ ሲሮጡ ያለከልካሉ። አንዱ ሞተ፤ በማግስቱ ሌላው። ከጉብሬ በባጃጅ ያመጣሁት የእንስሳት ሐኪም የአንዱን ድድ ገልጦ አየና ወለሉን በጫማው መታ መታ አደረገው። በእናታቸው ወተት ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን እንደማይበቃቸው፣ ግልገል አሳማ ጉድለቱን አፈር እየቆፈረ እንደሚሞላ፣ እኔ ግን አፈሩን እንደዘጋሁባቸው ነገረኝ። የብረት መርፌው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ከብት ያልረገጠው ቀይ አፈር እንድሰጣቸው አዘዘኝ። ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ፣ የአሳማ ግልገል የሚያውቀውን አላወቅሁም።

በግቢው እንዲህ ያለ አፈር የቀረው በእህቴ እንሰት ሥር ብቻ ነው። ከተኮራረፍን ወራት አልፎናል። ሄጄ አንድ ሳፋ ለመንኳት።

«የአባቴን አፈር ለአሳማ?»

«አባትሽ የእኔም አባት ነው፣ እትዬ።»

«ሲሚንቶ ስታለብሰው ነበር ይህን ማሰብ።»

በሩን ዘጋችብኝ። ዶማ አንስቼ የራሴን ወለል መፍለጥ ጀመርኩ። ሦስተኛው ምት ላይ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ ምን እንደማደርግ ጠየቀች። አፈር እያወጣሁ ነው አልኳት።

«ሽታውስ?»

«እሱም አብሮ ይወጣል።»

ተመልሳ ገባች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሳፋ ቀይ አፈር አጥሩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁ። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ሲሚንቶውን ለማትረፍ ነው። መርፌው እስኪመጣ ድረስ ሳፋውን በየማለዳው ሞላችልኝ። የተረፉት ሰባቱ አፈሩን በአፍንጫቸው እያገላበጡ ጆሯቸው መልሶ ቀላ።

ሳፋውን አጥቤ መለስኩላት። በአጥሩ ላይ ወረወረችብኝ። አሁን ሰባቱ ውሃ ይጠጡበታል።