ለሂንዳ የተያዙ ሦስት ቃላት

ኤዶ ሱዕዲ ጅግጅጋ ገበያ የግመል ወተት መሸጥ ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። «ኤዶ» በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ዘመድ የሆነውም ያልሆነውም እንዲሁ ይጠራቸዋል። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ማለዳ ከጭነት መኪና የሚወርዱት ጀሪካኖች የማን የማን እንደሆኑ የሚለዩት አንገታቸው ላይ በታሰረው ጨርቅ ነው። ወተቱን የሚልኩት አርብቶ አደሮች ለከተማ ዘመዶቻቸው መልእክት ሲኖራቸውም የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው፦ እገሌ ታሟል፣ የእገሊት ሠርግ ተራዝሟል። መልእክቱን ከባለቤቱ በስተቀር ለማንም አይናገሩም። ገበያው ያመናቸው በዚህ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ልጃቸው ዐብዲሓኪም ከሚኖርበት ከደምበል ወረዳ መጣ።

«ሆዮ፣ እየረሳሽ ነው» አላቸው፤ «ሆዮ» እናት ማለት ነው። «በዒድ ቀን የልጄን ስም ተሳሳትሽ።»

«ዘጠኝ ወልደህ! አንተስ አባታቸው ሆነህ መቼ አስተካክለህ ትጠራቸዋለህ?»

ልጁ አልሳቀም። ንግዱን ትተው ደምበል አብረውት እንዲኖሩ ፈልጓል። በዚያው ሰሞን አንድ የጥናት ቡድን በከተማው የአረጋውያንን የማስታወስ ችሎታ ይመረምር ስለነበር ይዟቸው መጣ። ውጤታቸው ደህና ከሆነ ሊተዋቸው፣ ካልሆነ ሊወስዳቸው ተስማሙ።

እኔ የጥናቱ መዝገብ ያዥ ነበርኩ። ወረቀታቸው በማግሥቱ እጄ ገባ፤ ከሠላሳ አሥራ ሦስት ነው። እርሳስ ይዘው ስለማያውቁ ሰዓት አልሳሉም። ቀኑን ሲጠየቁ «በማን አቆጣጠር?» ብለዋል። ይህ አልገረመኝም። ያልተማሩ ሰዎች አእምሯቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በእንዲህ ያለ ፈተና ዝቅ ያለ ነጥብ እንደሚያገኙ በብዙ አገር ተጠንቷል፤ ቡድኑም ለዚህ ማስተካከያ ያደርጋል።

ማስተካከያ የሌለው አንድ ጥያቄ ነበር። ሦስት ቃላት ይነገራሉ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይጠየቃሉ። እዚያ ላይ ዜሮ ተጽፏል፤ ከጎኑ «ዝም አሉ» ይላል። የረሳ ሰው ረሳሁ ይላል፣ ወይም ይገምታል። ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። ቃላቱ የተሰጡበት ሰዓት በፈታኟ በሂንዳ እጅ የተጻፈ ነው፤ ዜሮው የሌላው ፈታኝ የሽመክት ጽሑፍ ነው።

ሂንዳን ጠራኋት።

«ስልክ ተደውሎልኝ ወጣሁ፤ ሽመክት ተካኝ» አለች።

«ቃላቱን ስትሰጪያቸው ምን አልሻቸው?»

«በአደራ ያዙልኝ ነዋ! እንዲገባቸው ብዬ።»

መመሪያው ቃሉን የሰጠው ሰው ራሱ ይጠይቅ ይላል። ዜሮውን ሰርዤ «በደንቡ አልተጠየቁም፤ ፈተናው ይደገም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ያን ቀን የእናቴንም የእንዲህ ዓይነት ፈተና ወረቀት ከመሳቢያዬ አወጣሁ። ከመሞቷ ሁለት ዓመት በፊት የተሞላ ነው። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች የአንድ ሰው ነው፤ ስህተት አላገኘሁበትም። ነጥቡን ካየሁ በኋላ እናቴን ምንም ነገር መጠየቅ ትቼ ነበር።

በፈተናው በአሥራ አንደኛው ቀን ከሂንዳ ጋር ገበያ ሄድን። ዐብዲሓኪም ድጋሚ ፈተናውን አልጠበቀም፤ እናቱን ሊወስድ ጀሪካኖቹን አጠገባቸው ለምትሸጠው ለባቱሎ እያስረከበ ነበር። ኤዶ ሱዕዲ ሂንዳን ሲያዩ እጇን ይዘው ሳቧትና በጆሮዋ አንድ ነገር አሉ።

ሂንዳ ቀና አለች። «ገመድ፣ ጨው፣ በር፤ ሦስቱም ልክ ናቸው» አለችን።

«ምነው ቆየሽ?» አሉ ኤዶ ሱዕዲ። «ያ አንቺ ስትወጪ የተካሽ ወንድሜ ሊቀማኝ ነበር እኮ! ሦስቴ ጠየቀኝ።»

ዐብዲሓኪም ወደ እኔ ዞረ። «ይህ ነጥብ ይሆናል?»

«አይሆንም» አልኩት። «ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ለመጣ መልስ ቅጹ ቦታ የለውም። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይፈተናሉ።»

ዐብዲሓኪም ከባቱሎ ፊት አንድ ጀሪካን አንስቶ ወደ እናቱ መለሰው።

«ኧረ አሁን አስረክበኸኝ!» አለች ባቱሎ።

ኤዶ ሱዕዲ ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱት። «ኩልሚዬ የላከው ወተት ነው» አሉት። «ጥላው ስር አድርገው፤ ሌሎቹንም አምጣ።»