ጥላ የሚለኩት አጎቴ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከአሸተን ተራራ ሥር ስሄድ ጥላዬ ረዝሞ ባየው በእግሬ ልለካው አማረኝ። ቄሱ አጎቴ ትዝ አሉኝ።

በዐቢይ ጾም የቅዳሴውን ሰዓት የሚያውቁት ጥላቸውን እግር በእግር እየለኩ ነበር። "አባ፣ የምትዞረው እኮ መሬት ናት፤ ፊዚክስ ተምረናል" ስላቸው ይስቃሉ።

"ትዙር! ብቻ ጾሜን ያለሰዓቱ አታስፈታኝ።"

አንድ ቀን እኔ አጠገባቸው ቆሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲለኩ፣ ትምህርት ቤት የአብዮቱን ፍልስፍና የሚያስተምረን ካድሬ መጣ።

"አባ፣ የምትዞረው ፀሐይ ናት ወይስ መሬት?"

"ፀሐይ" ያሉ አንድ ቄስ አድኃሪ ተብለው መታሰራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። አጎቴ ቀና እንኳ አላሉም።

"እኔ ምኑን አውቄ፣ ጌታው! ጥላዬ ሲሄድ እከተላለሁ። ማን እንደሚገፋው እናንተ ፈላስፎቹ መርምሩት።"

ካድሬው የእጅ ሰዓቱን አየት አድርጎ ሄደ። ሲርቅ አጎቴ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

"አንች፣ የእኔና ያንችን ወሬ ማን ነገረው?"

"እኔ አይደለሁም!"

"ነሽ አላልሁም።"

ከዚያ ወዲያ ግን እኔ ባለሁበት ጥላ ለክተው አያውቁም። ማን እንደነገረው እስካሁን አላውቅም። ዛሬም አንድ እግሬን ከሌላው ፊት ላስቀድም ስል፣ መጀመሪያ ዞር ብዬ ከኋላዬ ሰው ይኖር እንደሆነ አየሁ።